አራት ክሪስታሎችን በአንድ ኦሲሌተር ላይ በዳዮድ ማፈራረቅ፦ ለአጭር ሞገድ ሬዲዮ ጥገና የሚሆን ምልክት ሰጪ አሠራር

ከዘጌና ከሌሎች የጣና ዳርቻ ቀበሌዎች በጀልባ ተጭነው ባሕር ዳር ለጥገና የሚደርሱን የአጭር ሞገድ ሬዲዮዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ችግር አንድ ዓይነት ነው። ድምፃቸው ደህና ነው፣ ባትሪያቸውም ይሠራል፤ ነገር ግን የጣቢያ መፈለጊያው መርፌ የሚያመለክተው ቁጥርና ሬዲዮው በእርግጥ የሚቀበለው ድግግሞሽ አይገናኙም። የመርፌው ክር ተንሸራትቶ፣ ወይም ሰው ሳያውቅ የጥቅልሉን ማስተካከያ ነካክቶት፣ ወይም በክረምቱ እርጥበት የትሪመሩ (በመፍቻ የሚስተካከለው ትንሽ ካፓሲተር) እሴት ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማስተካከል አየር ላይ ያለ ጣቢያን ተማምኖ መሥራት አይቻልም፤ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች እንደ ሰዓቱና እንደ ወቅቱ ድግግሞሻቸውን ይቀያይራሉና። ስለዚህ ጠጋኙ በጠረጴዛው ላይ የማይዋሽ የራሱ ምልክት ያስፈልገዋል።

ኳርትዝ ሲጫን ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ የኩሪ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ካሳዩ ወዲህ፣ ለዚህ ሥራ ከክሪስታል (በአንድ የተወሰነ ድግግሞሽ ላይ ከሚንቀጠቀጥ የኳርትዝ ስስ ቁራጭ) የተሻለ ርካሽ መሣሪያ አልተገኘም። ከዚህም በላይ ለሌላ አገልግሎት በብዛት የተመረቱ አራት ክሪስታሎች ልክ በአጭር ሞገድ የስርጭት ባንዶች ውስጥ ይወድቃሉ። 6.000 ሜጋኸርትዝ በ49 ሜትር ባንድ (ከ5.9 እስከ 6.2)፣ 7.3728 ሜጋኸርትዝ በ41 ሜትር ባንድ (ከ7.2 እስከ 7.45)፣ 9.8304 ሜጋኸርትዝ በ31 ሜትር ባንድ (ከ9.4 እስከ 9.9)፣ 12.000 ሜጋኸርትዝ ደግሞ በ25 ሜትር ባንድ (ከ11.6 እስከ 12.1) ውስጥ ናቸው። ሁለቱ መካከለኛ ቁጥሮች እንግዳ ቢመስሉም ለኮምፒውተር የመረጃ መስመሮች ፍጥነት ተብለው የተመረጡ በመሆናቸው በአሮጌ ቦርዶች ላይ ይገኛሉ። 12 ሜጋኸርትዙን በተጣለ የኮምፒውተር ማውዝ ወይም ፍላሽ ውስጥ መፈለግ ይቻላል። ከተበላሹ የዲሽ ሪሲቨሮች የሚወጣው 27 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ግን ከታች በምገልጻቸው እሴቶች አይነሣም፤ እሱን ለሌላ ሥራ ያስቀምጡት።

አራቱን ክሪስታሎች በአንድ ኦሲሌተር (ክሪስታሉን እያንቀጠቀጠ ምልክት በሚያመነጭ ሰርኪዩት) ላይ እያፈራረቁ ማሠራት ቀላል ይመስላል። የሚከብደው ተረኛውን ማስነሣት ሳይሆን ተረኛ ያልሆኑትን ሦስቱን በእርግጥ ማስተኛት ነው፤ ይህ መመሪያም በዋናነት ስለዚያ ነው።

ሮታሪ ስዊቹ ለምን ክሪስታሉን በቀጥታ መያዝ የለበትም

ለብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚታሰበን አራቱን ክሪስታሎች ወደ ፊት ለፊት ሽፋኑ ሮታሪ ስዊች በሽቦ ወስዶ፣ የስዊቹን መሐል እግር ከኦሲሌተሩ ትራንዚስተር ቤዝ (መቆጣጠሪያ እግር) ጋር ማገናኘት ነው። እኔም የመጀመሪያውን የሠራሁት እንዲሁ ነበር። ሽቦዎቹ ከ15 ሳንቲሜትር አይበልጡም ነበር፤ ሆኖም እጄን ወደ ቁልፉ ባስጠጋሁ ቁጥር በድግግሞሽ መቁጠሪያው ላይ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ይሮጡ ነበር፤ 12 ሜጋኸርትዝ መርጬ ሳለሁም አንዳንድ ጊዜ ኦሲሌተሩ በ9.8304 ላይ ይነሣ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ክሪስታል የተጻፈበትን ድግግሞሽ የሚሰጠው አምራቹ የወሰነለት የጭነት ካፓሲታንስ (ከውጭ የሚገናኘው የካፓሲተር መጠን) ሲያርፍበት ሲሆን ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 32 ፒኮፋራድ ነው። የስዊቹ ጎረቤት እግሮች እርስ በርሳቸው፣ ሽቦዎቹም ከሳጥኑ ጋር ጥቂት ፒኮፋራዶች አሏቸው። 20 ፒኮፋራድ በሚጠብቅ የ12 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ላይ 1 ፒኮፋራድ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ድግግሞሹ ከ100 እስከ 200 ኸርትዝ ያህል ሊንቀሳቀስ ይችላል። እነዚያው ጥቂት ፒኮፋራዶች ተረኛ ላልሆነው ክሪስታል የኋላ በር ይሆኑለታል፤ በዚያ በር ገብቶ ከተረኛው ጋር ይፎካከራል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ምልክት ከቦርዱ አይውጣ፣ ወደ ስዊቹ የሚሄደው ቀጥተኛ ቮልቴጅ ብቻ ይሁን። ያን ጊዜ የስዊቹ ሽቦ ግማሽ ሜትር ቢሆንም ጉዳት የለውም።

ክሪስታሎቹ ሁለት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ በቦርዱ ላይ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚቀያየር ስዊች) ይበቃ ነበር፤ እሱንም አልነቅፍም። ለአራት ግን ዳዮድ ርካሽ ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ የሚያልቅ መገናኛም የለውም።

የሐሳቡ አካሄድ

ዳዮድ ቀጥተኛ ጅረት ሲያልፍበት ለትንሽ ተለዋዋጭ ጅረት አነስተኛ ተቃውሞ ያለው መንገድ ይሆናል። 1ኤን4148 በ4 ሚሊአምፔር አካባቢ ሲሠራ ይህ ተቃውሞ ወደ 10 ኦም ገደማ ነው። ጅረቱ ተቋርጦ በተቃራኒው አቅጣጫ ቮልቴጅ ሲያርፍበት ደግሞ ጥቂት ፒኮፋራድ ብቻ ያለው የተከፈተ ስዊች ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው ጅረቱን ማቋረጥ ብቻ የማይበቃ መሆኑ ነው። ያለ ተቃራኒ ቮልቴጅ የተተወ ዳዮድ በኦሲሌተሩ ሞገድ ጫፍ ላይ በከፊል ይከፈታል፣ ያልተመረጠውንም ክሪስታል በግማሽ ይቀሰቅሰዋል። በብዙ ሥራዎች ላይ ያየሁት ጉድለት ይኸው ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ተጨማሪ ሬዚስተር ብቻ ነው።

መድኃኒቱ እንዲህ ነው። የአራቱን ዳዮዶች ካቶድ (ጅረቱ የሚወጣበትን እግር) በቀጥታ ከግራውንድ ጋር አናገናኝም፤ ሁሉንም በአንድ የጋራ መስመር ላይ እናሳርፋቸውና መስመሩን በ470 ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ እናወርደዋለን። ተረኛው ዳዮድ የሚያሳልፈው ጅረት በዚህ ሬዚስተር ላይ 2 ቮልት ያህል ያነሣል። የሌሎቹ ሦስት ዳዮዶች አኖድ (ጅረቱ የሚገባበት እግር) በዜሮ ቮልት ስለሚቆይ፣ ካቶዳቸው ላይ ያለው ይህ 2 ቮልት ጥርቅም አድርጎ ይዘጋቸዋል። ተረኛው ራሱ ሌሎቹን ያስተኛቸዋል ማለት ነው። የጋራ መስመሩ ለከፍተኛ ድግግሞሽ ግራውንድ ሆኖ እንዲታይ የ100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ከሬዚስተሩ ጎን ለጎን ይታሰራል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለኦሲሌተሩና ለማስተላለፊያው (ምልክቱን ከኦሲሌተሩ ተቀብሎ ወደ ውጭ ለሚያወጣው ክፍል) ሁለት 2ኤን3904 ትራንዚስተሮች፣ ለማፈራረቂያው አራት 1ኤን4148 ዳዮዶች፣ ከ5 እስከ 50 ፒኮፋራድ የሚደርሱ አራት ትሪመሮች፣ አንድ 7809 ሬጉሌተር (9 ቮልት አጽንቶ የሚሰጥ)፣ ባለ አንድ መስመር አራት ቦታ ሮታሪ ስዊች፣ እና ለድምፅ ምልክቱ አንድ ኤንኢ555 ያዘጋጁ። ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ በየደረጃው ተጠቅሰዋል። ከአሮጌ ቴሌቪዥን ቱነር ውስጥ ቢኤ482 ወይም ተመሳሳይ የባንድ መቀየሪያ ዳዮድ ካገኙ ከ1ኤን4148 ይልቅ እሱን ይምረጡ፤ የተሠራው ለዚሁ ተግባር ነው፣ ሲከፈት ተቃውሞው እጅግ ያነሰ ነው፣ ሲዘጋም ካፓሲታንሱ ትንሽ ነው። ከኃይል አቅርቦት ክፍሎች የሚወጣውን 1ኤን4007 ግን እዚህ አይጠቀሙ፤ ሲዘጋ የሚቀረው ካፓሲታንስ የተኛውን ክሪስታል ሊያነሣው ይችላል።

ከ220 ቮልት መስመሩ ይልቅ የ12 ቮልት ባትሪ መጠቀም ይሻላል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ አይቋረጥም፣ ከመስመሩ የሚመጣ ሁካታም አይኖርም። ባትሪው ከ11.5 ቮልት በታች ሲወርድ 7809 ልኩን ይዞ መቆየት እንደሚቸግረው ግን አይርሱ።

ቦርዱ ያልተፋቀ፣ ሙሉ መዳብ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። መዳቡ እንዳለ ግራውንድ ይሆናል። ለመገናኛ ነጥቦች ከሌላ ቁራጭ ቦርድ የጥፍር ያህል ስፋት ያላቸው ካሬዎችን ቆርጠው በማጣበቂያ ይለጥፉና በእነሱ ላይ ይበይዱ። ለመልኩ ብዙ አይጨነቁ፤ የእግሮቹ ማጠር ግን ዋና ነገር ነው፤ ከክሪስታል እስከ ቤዝ ያለው መንገድ ከ1 ሳንቲሜትር ባይበልጥ መልካም ነው።

ደረጃ አንድ፦ ኦሲሌተሩን በአንድ ክሪስታል ማስነሣት

መጀመሪያ 7809ን ይትከሉ፤ በመግቢያው 330 ናኖፋራድ፣ በመውጫው 100 ናኖፋራድ ከእግሮቹ አጠገብ ይሰሩ። ከመውጫው 9 ቮልት መለካትዎን ካረጋገጡ በኋላ ወደ ትራንዚስተሩ ይሂዱ። ኮሌክተሩ በቀጥታ ወደ 9 ቮልት ይሄዳል፣ ከኮሌክተሩ እግር ሥርም 100 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ ይወርዳል። ቤዙ ከ9 ቮልት በ47 ኪሎኦም፣ ከግራውንድም በ47 ኪሎኦም ይያዛል። ከኤሚተሩ ወደ ግራውንድ 3.3 ኪሎኦም ይታሰራል። በመጨረሻም ከቤዝ ወደ ኤሚተር 220 ፒኮፋራድ፣ ከኤሚተር ወደ ግራውንድ ሌላ 220 ፒኮፋራድ ይበየዳል፤ እነዚህ ሁለቱ ሙቀት ሲለዋወጥ እሴታቸው የማይናወጥ፣ ኤንፒኦ ወይም ሲ0ጂ የሚባሉት ሴራሚኮች መሆን አለባቸው።

ኃይል ሰጥተው ኤሚተሩን በመልቲሜትር ይለኩ። 3.7 ቮልት ገደማ ካገኙ በትራንዚስተሩ ውስጥ 1.1 ሚሊአምፔር ያህል እያለፈ ነው። ይህን ጅረት ለማሳደግ አይፈተኑ። ብዙ ጅረት ማለት በክሪስታሉ ላይ ብዙ መንቀጥቀጥ ማለት ነው፤ ከልክ በላይ የተነዳ ክሪስታል ድግግሞሹ ይንሸራተታል፣ ትንንሾቹም እስከ መሰንጠቅ ይደርሳሉ።

አሁን የ6 ሜጋኸርትዙን ክሪስታል አንዱን እግር ከቤዝ፣ ሌላውን በትሪመር በኩል ለጊዜው በቀጥታ ከግራውንድ ጋር ያገናኙ። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ አጠገቡ አስቀምጠው 6.000 አካባቢ ሲፈልጉ፣ ሹክሹክታው ድንገት ጸጥ የሚልበትን ቦታ ያገኛሉ። ድምፅ ያልተጫነበት ሞገድ በተራ ሬዲዮ የሚታወቀው በዝምታው ነው። ይህ ሳይሳካ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አይለፉ።

ለ220 ፒኮፋራዱ ምርጫ ምክንያት አለኝ። ሁለቱ ካፓሲተሮች ባነሱ ቁጥር ኦሲሌተሩ ማንኛውንም ነገር ለማንቀጥቀጥ ያለው ጉልበት ይበዛል፤ ለአንድ ክሪስታል ይህ መልካም ነው፣ ለአራት ግን የተኙትንም ይቀሰቅሳል። በ220 ፒኮፋራድ ይህ ትራንዚስተር በ6 ሜጋኸርትዝ 600 ኦም ያህል፣ በ12 ሜጋኸርትዝ ደግሞ 150 ኦም ያህል ኪሳራ መሸፈን ይችላል። ጤነኛ ክሪስታል ከዳዮዱ ጋር ተደምሮ ከ100 ኦም እምብዛም ስለማያልፍ ተረኛው ያለ ችግር ይነሣል፤ 1.5 ኪሎኦም የተጋረጠበት የተኛ ክሪስታል ግን አይነሣም። ያ 1.5 ኪሎኦም ከየት እንደሚመጣ ቀጥሎ እናያለን። የ27 ሜጋኸርትዙ ክሪስታል በዚህ ሰርኪዩት የማይነሣውም በዚሁ ስሌት ነው።

ደረጃ ሁለት፦ አራቱን ቅርንጫፎች መሥራት

ለእያንዳንዱ ክሪስታል አንድ ዓይነት ቅርንጫፍ ይሠራል፤ ለሙከራ የገባውን የ6 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ይንቀሉት፣ ክሪስታሎቹ ራሳቸው የሚበየዱት በደረጃ አምስት ነው። የክሪስታሉ አንድ እግር ከቤዝ ጋር ይገናኛል፤ ሌላው እግር ወደ ትሪመሩ ይሄዳል፤ ከትሪመሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ የዳዮዱ አኖድ ይበየዳል፤ ካቶዱ በጋራ መስመሩ ላይ ያርፋል። ትሪመሩና አኖዱ ከሚገናኙበት ነጥብ 1.5 ኪሎኦም ይነሣና ወደ መቆጣጠሪያው መስመር ይሄዳል። መስመሩ ከ1.5 ኪሎኦሙ ባሻገር በ10 ናኖፋራድና በ47 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ ይታሰራል፤ ከዚያ ሽቦው ወደ ስዊቹ እግር ይጓዛል። የስዊቹ መሐል እግር 9 ቮልት ይቀበላል።

እያንዳንዱ ዕቃ ለምን እንደተቀመጠ ማወቅ በኋላ ጥፋት ሲፈለግ ይጠቅማል። 1.5 ኪሎኦሙ ሁለት ሥራ አለው፤ ለተረኛው ዳዮድ ጅረቱን ይወስናል፣ ለተኛው ክሪስታል ደግሞ ከላይ ያልኩት የኪሳራ ግድግዳ ይሆናል። 10 ናኖፋራዱ ከቦርዱ ወደ ስዊቹ ሊሾልክ የሚሞክረውን ከፍተኛ ድግግሞሽ ያስቀራል። 47 ኪሎኦሙ ስዊቹ ሲለቅቀው መስመሩን ወደ ዜሮ ይጎትታል፤ ከሌለ ካፓሲተሩ በያዘው ቻርጅ ምክንያት ዳዮዱ ቶሎ አይዘጋም፣ መስመሩም በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

የክሪስታሎቹን ቦታ በቤዙ ዙሪያ እንደ ግማሽ ክብ ያዘጋጁ፤ አራቱም እኩል ቅርብ እንዲሆኑ። የብረት ሽፋናቸውን ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ካውያው በሽፋኑ ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ አይቆይ። ሽፋኑን አስቀድመው በምላጭ ፋቅ አድርገው ትንሽ ሊድ ካስያዙት ቀጭኑ ሽቦ ወዲያው ይያዛል።

ደረጃ ሦስት፦ ያለ ክሪስታል መለካት

ክሪስታሎቹን ከመበየድዎ በፊት ስዊቹን በየተራ እያዞሩ ቮልቴጆቹን ይለኩ። በጋራ መስመሩ ላይ በአራቱም ቦታዎች 2 ቮልት ገደማ መኖር አለበት። በተመረጠው ቅርንጫፍ አኖድ ላይ 2.7 ቮልት፣ ባልተመረጡት ላይ ደግሞ ዜሮ ይነበባል። ከ9 ቮልት የዳዮዱ 0.75 ሲቀነስ 8.25 ይቀራል፤ ይህ ለ1.5 ኪሎኦምና ለ470 ኦም ድምር ሲካፈል 4.2 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ የሚለኩት ቁጥር ከዚህ ስሌት ብዙ ከራቀ ከመቀጠልዎ በፊት ያቁሙና ይፈልጉት። የጋራ መስመሩ ዜሮ ከሆነ መስመሩ ከ470 ኦሙ ውጭ በስሕተት በቀጥታ ከግራውንድ ጋር ተገናኝቷል፣ ወይም ዳዮዱ ተገልብጧል። ባልተመረጠ አኖድ ላይ ቮልቴጅ ካለ በስዊቹ እግሮች መካከል ሊድ ተንጠባጥቧል፣ ወይም ዳዮዱ ያሾልካል። አራት ደቂቃ የማይፈጅ ልኬት ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን የሙሉ ቀን ድካም ያስቀራል።

ደረጃ አራት፦ ማስተላለፊያውና የድምፅ ምልክቱ

ከኦሲሌተሩ ኤሚተር በ15 ፒኮፋራድ ብቻ ወደ ሁለተኛው ትራንዚስተር ቤዝ ይለፉ። ይህም ቤዝ እንደ መጀመሪያው በሁለት 47 ኪሎኦም ይያዛል፤ ኤሚተሩ 1 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ አለው፣ ውጤቱም ከዚያ በ10 ናኖፋራድ ይወጣል። መጋጠሚያው ካፓሲተር ትንሽ የሆነው ውጭ የሚሆነው ነገር ኦሲሌተሩን እንዳይነካው ነው።

ዝምታን ብቻ እየሰሙ መርፌ ማስተካከል አድካሚ ስለሆነ ድምፅ እንጫንበታለን። ኤንኢ555ን በ10 ኪሎኦም፣ በ68 ኪሎኦምና በ10 ናኖፋራድ በተለመደው የነፃ መንቀጥቀጥ አገናኘት ሲሠሩት 990 ኸርትዝ ያህል ይሰጣል። የሁለተኛውን ትራንዚስተር ኮሌክተርና የቤዙን ላይኛ 47 ኪሎኦም ከ9 ቮልት ነቅለው ሁለቱንም ከ555 ሦስተኛ እግር ይመግቧቸው። ያን ጊዜ ማስተላለፊያው በሰከንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታል ይዘጋል፣ በሬዲዮውም ጥርት ያለ ፉጨት ይሰማል። ኮሌክተሩን ብቻ ቢያቋርጡ ቤዙ በኮሌክተሩ በኩል ጅረት እየሳበ ኦሲሌተሩን ይጎትተዋል፤ ሁለቱም አብረው መቋረጥ አለባቸው። ለልኬት ጊዜ ፉጨቱን አጥፍቶ ወደ ቀጥታው 9 ቮልት የሚመልስ ትንሽ ስዊች ያክሉ።

ውጤቱን ከአንቴና ጋር አያገናኙት። ሬዲዮው አጠገብ የሚቀመጥ 20 ሳንቲሜትር ሽቦ ከበቂ በላይ ነው፤ መሣሪያው ለጠረጴዛ ሥራ እንጂ ለማሰራጨት አይደለም።

ደረጃ አምስት፦ ክሪስታሎቹን አስገብቶ ልክ ማስያዝ

አሁን አራቱንም ክሪስታሎች ይበይዱ። አንዱን አስገብቶ፣ ልክ አስይዞ፣ ከዚያ ሌላውን ማስገባት ስሕተት ነው። የተኛ ክሪስታልም ቢሆን በሁለት ገጾቹ መካከል ባለው 5 ፒኮፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ ቤዙን ትንሽ ይጭነዋል፤ አዲስ በተጨመረ ቁጥር የቀድሞዎቹ ሁሉ ጥቂት ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ሁሉም በቦታቸው ሳይሆኑ ትሪመር አይነካም።

ትሪመሩ የት አካባቢ ማረፍ እንዳለበት አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ሁለቱ 220 ፒኮፋራዶች በተከታታይ 110 ይሆናሉ። 20 ፒኮፋራድ ለሚጠብቅ ክሪስታል ትሪመሩ ወደ 24 ፒኮፋራድ፣ 32 ለሚጠብቅ ደግሞ ወደ 45 ፒኮፋራድ መሆን አለበት። ከ5 እስከ 50 በሚደርስ ትሪመር የመጀመሪያው ግማሹ ገደማ ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ መጨረሻው አጠገብ ነው። ትሪመሩ ጥጉ ላይ ደርሶ ድግግሞሹ አሁንም ከፍ ብሎ ከቀረ፣ 15 ፒኮፋራድ ቋሚ ካፓሲተር ጎን ለጎን ይጨምሩበት።

መሣሪያውን ለሩብ ሰዓት አብርተው ከተዉት በኋላ መቁጠሪያውን ከማስተላለፊያው ውጤት ጋር ያገናኙ። የሚያስተካክሉበት መፍቻ ፕላስቲክ ይሁን፤ ከሌለ የቀርከሃ ስንጣቂ በምላጭ አሹለው ይጠቀሙ፤ የብረት መፍቻ በተጠጋ ቁጥር ቁጥሩን ይለውጠዋል። ከተራ ክሪስታል የሚጠበቀው ስሕተት ከ30 እስከ 50 በሚሊዮን ነው፤ በ6 ሜጋኸርትዝ ላይ እስከ 300፣ በ12 ላይ እስከ 600 ኸርትዝ ማለት ነው። ትሪመሩ ይህን ያርማል። ርካሽ መቁጠሪያም የራሱ ክሪስታል ስሕተት እንዳለበት ግን ያስታውሱ፤ ለሬዲዮ መርፌ ጥቂት መቶ ኸርትዝ ምንም አይደለም፣ እስከ መጨረሻዋ አኃዝ መጨነቅ አያስፈልግም።

ከዚያ ስዊቹን በፍጥነት ደጋግመው ያዙሩ። እያንዳንዱ ክሪስታል ሁልጊዜ መነሣት፣ ወደ ቀድሞ ቁጥሩም በጥቂት ኸርትዝ ልዩነት መመለስ አለበት። እጅዎን በስዊቹ ላይ ጭነው ቁጥሩን ይመልከቱ፤ ካልተንቀሳቀሰ ሥራው ተሳክቷል። በመጀመሪያው የሽቦ ሥራዬ የሮጡት ሦስት አኃዞች በዚህኛው ጸጥ ብለው ሲቆሙ ያየሁበት ምሽት አሁንም ትዝ ይለኛል።

የሚያሳስቱ ነገሮች

6 ሜጋኸርትዝ መርጠው ሳለ በሬዲዮው 12.000 ላይ ፉጨት ቢሰሙ የ12 ሜጋኸርትዙ ክሪስታል ነቅቷል ብለው አይደምድሙ። የ6 ሜጋኸርትዝ ሞገድ ሁለተኛ ሃርሞኒክ (እጥፍ ድግግሞሹ) እዚያው ላይ ይወድቃል። ለመለየት የ12 ሜጋኸርትዙን ክሪስታል አንድ እግር ይንቀሉ፤ ፉጨቱ ከቀጠለ ሃርሞኒክ ነው። በአንጻሩ 7.3728 መርጠው በ9.8304 ላይ ድምፅ ከሰሙ እውነተኛ መሹለክ ነው፤ የዚያን ቅርንጫፍ 47 ኪሎኦም፣ ዳዮድና የጋራ መስመሩን 100 ናኖፋራድ ይመርምሩ።

ሁለተኛው አሳሳች ከሬዲዮው የሚመጣ ነው። መካከለኛ ድግግሞሹ (የተቀበለውን ምልክት በውስጡ የሚቀይርበት) 455 ኪሎኸርትዝ በሆነ ተራ ሬዲዮ አንዱ ምልክት ሁለት ቦታ ይሰማል፤ በትክክለኛው ቦታና ከዚያ 910 ኪሎኸርትዝ ዝቅ ብሎ። 12.000 በ11.090 ላይ፣ 6.000 ደግሞ በ5.090 ላይ ይደገማል። የሚጎላው እውነተኛው ነው፤ የምልክቱን ሽቦ ራቅ ሲያደርጉት ልዩነቱ ይበልጥ ይታወቃል። ይህን ሳያስተውሉ ሬዲዮን በተሳሳተው ላይ ማስተካከል ቀድሞ ከነበረው የባሰ ጥፋት ነው።

ሦስተኛው የሐይቁ ነው። በክረምት ጣና ዳር ያለ ቤት ውስጥ የሚያድር ቦርድ እርጥበት ይስባል፤ በብየዳው ቦታ የቀረ ፍላክስ (የብየዳ ማገዣ ሙጫ) ከእርጥበቱ ጋር ሲገናኝ በ47 ኪሎኦም ሬዚስተሮቹ ዙሪያና በትሪመሮቹ ሥር ቀጭን የመሹለኪያ መንገድ ይሠራል። ጠዋት በአንድ ቁጥር የተነሣ ኦሲሌተር ከሰዓት በሌላ ሲገኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ቦርዱን በጥርስ ብሩሽና በአልኮል በደንብ ያጥቡ፣ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ያድርቁ፣ ትሪመሮቹን ሳይነኩ በቀረው ላይ ቀጭን ቨርኒሽ ይቀቡ። ሳጥኑንም በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ሥር አያስቀምጡት።

በሬዲዮው ላይ መጠቀም

ባንዶቹ የተለያዩና ጠባብ የሆኑበት ሬዲዮ ከሆነ በየባንዱ አንድ ምልክት ስላለ ሥራው አጭር ነው፤ መርፌውን በምልክቱ ቁጥር ላይ አድርገው ፉጨቱ እስኪጎላ የዚያን ባንድ የኦሲሌተር ጥቅልል ኮር በጥቂቱ ያዙሩ። ከ6 እስከ 18 ሜጋኸርትዝ በአንድ ሰፊ ባንድ የሚይዝ ሬዲዮ ከሆነ ግን በሁለት ጫፍ ይሠራል። መጀመሪያ መርፌውን በክሩ ላይ ወደ ትክክለኛ መነሻው ይመልሱ። ከዚያ 6.000ን መርጠው ዝቅተኛውን ጫፍ በጥቅልሉ ኮር፣ 12.000ን መርጠው ከፍተኛውን በሬዲዮው ትሪመር ያስተካክሉ። አንዱ ሌላውን ስለሚነካው ሦስት ወይም አራት ጊዜ መመላለስ አለብዎት። በመሐል 7.3728ንና 9.8304ን መርጠው መርፌው ምን ያህል እንደሚስት ይመልከቱ፤ ሁለቱ ጫፎች ልክ ሆነው መሐሉ ብዙ ከሳተ ጥፋቱ በክሩ መዘዋወሪያ ወይም በተለዋዋጩ ካፓሲተር መታጠፍ ላይ ነው። ሁሉም ሲገጥም በኮሩ አናት ላይ አንድ ጠብታ ሰም ያንጠባጥቡና እስኪረጋ ይጠብቁ፤ ሬዲዮው ሲመለስ በጀልባው መንቀጥቀጥ ኮሩ እንዳይዞር።